የከድር ሰደቃ

አባዬ፣ አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን እንደተውኸው አለ። ዘይቱንህ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ የመጀመሪያውን ቀጥፌ ቅመስ ብዬ ልጠራህ ስል ነው መሞትህ ትዝ ያለኝ።

የምጽፍልህ ስለ ወንድሜ ስለ ከድር ነው። ሱቅህን ከተረከበ በኋላ ጨርቁን ለመጣው ሁሉ ይሰጥ ጀመር። ቀን ይጾማል፣ ሌሊት ሲሰግድ ያድራል። የገበያው ሰው ለአባቱ ሰደቃ የሚያወጣ ደግ ልጅ እያለ መረቀው። እኛም ኮራን፤ በልጁ ደግነት የሚከፋ ማን አለ?

እኔን ግን ታውቀኛለህ፣ ነገር ካላጣራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። መግሪብ ደርሶ ቴምር ሳቀርብለት አይነካውም። ጾመኛ እኮ ጀምበር ስትጠልቅ ያፈጥራል። ጆሮዬን ከበሩ ባስጠጋ ደግሞ ሰላት አይደለም፣ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። አንድ ቀን ከሰዓት ጣና ዳር፣ ልጆች ሳለን ይዘኸን ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ወሰድሁት። እዚያ፣ አንተ ከውኃው ውስጥ እየጠራኸው እንደሆነና ዕቃውን የሚያከፋፍለውም ወዳንተ ሊሄድ መሆኑን ነገረኝ። ረጋ ብሎ ነበር የሚያወራው፤ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው። እጁን ሳልለቅ በባጃጅ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድሁት።

ከእማዬ ጋር ተከትሎን የመጣው አጎቴ የፈውስ ቁርኣን፣ ሩቅያ ይቀራለት እንጂ ምን ሆስፒታል ነው ብሎ ተቆጣኝ። ዱዓውም ይቀጥላል፣ ሐኪምም ያየዋል አልሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትል ያሳደግኸን አንተ አይደለህ? ሐኪሟ ለሰዓት እንኳ ብቻውን መተው የለበትም፣ ተኝቶ ይመርመር አለች። ነገሩን ስትሰማ የቆየችው እማዬ ብርድ ልብስ ልታመጣ ተነሣች፤ አጎቴም ተከተላት።

ትቼው ስወጣ ስሜን እየጠራ ነበር። አባዬ፣ የዚያን ቀን ያህል ናፍቀኸኝ አታውቅም። ሆስፒታሉ ግቢ ካለው ዘንባባ ሥር ቆሜ ሰው እያየኝ አለቀስሁ።

አሁን ይተኛል፣ ሾርባም ይጠጣል። ትናንት ልጠይቀው ስሄድ በእርግጥ ሞተህ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት፤ ተቃቅፈን ተላቀስን።

ሲሻለው ቀብርህን አብረን እንዘይራለን፤ ከዱዓዬም ስምህ አይጠፋም። ግን አባዬ፣ ከድር ናፍቆህ ከሆነ ታገሥ። እኔ ገና አልጠገብሁትም።