ለሁሉም የተላከው መልእክት

ሰኞ፣ የካቲት 3

የየሺ ልጅ ሙሉቀን ደሴ ሆስፒታል ዓረፈ።

እናቱ አልሰማችም። አስከሬኑ ረቡዕ ይገባል፤ እኅቷም ከአቀስታ እስክትደርስ ተብሎ መርዶው ለዚያ ቀን ንጋት ተቀጠረ። የሚነግሯት እንደ ሁልጊዜው እትዬ ብርቄ ናቸው። በሰፈራችን ክፉ ወሬ የሚናገሩት እሳቸው፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላም የሚቀሩት እሳቸው። ባለቤቴ ስትሞት አርባ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ቁርስ አብልተውኛል። «በቃህ፣ ተማሪዎችህ ይጠብቁሃል» ብለው ወደ ክፍል የመለሱኝም እሳቸው ናቸው።

የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ከሰዓት ለአባላት በስልክ ላክሁ፦ «ረቡዕ ንጋት 11 ሰዓት ለሙሉቀን መርዶ የሺ ደጅ እንገናኝ።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

«ለሁሉም» ብዬ ስልከው የየሺም ቁጥር እዚያው ውስጥ ነበር። እሷም አባል ናት። አላሰብሁም።

የሺ ማንበብ አትችልም። ስልኳን ይዛ ጎረቤቷ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄደች። «እስኪ ይዩልኝ፣ ሙሌ ይሆናል» አለቻቸው። አነበቡ። «የቅሬ ስብሰባ ነው» አሉ። ፊታቸው ግን እምቢ አለ። የሺ ፊታቸውን አይታ እየጮኸች ወጣች፤ ቦዩ ውስጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ።

ይህን ራሳቸው በአጥር በኩል ነገሩኝ። መልእክቱን ከስልኳ አጥፍተውታል።

«ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔማ የክፉ ወሬ ሰው ነኝ፤ አንድ ቢጨመርብኝ ምን አለ? አብሽር።»

እሺ አልሁ። እፎይም አልሁ። ይህንንም ልጻፈው፦ እፎይ አልሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ቀብር። የሺ ክንዷ ታስሮ ደረቷን መምታት አልቻለችም።

እኅቷ እትዬ ብርቄን ከድንኳኑ ደጅ መለሰቻቸው። በዕድሜ እናቷ የሚሆኑትን ሴት አንቺ አለቻቸው። «አንቺ! ሰው እስኪደርስላት መታገስ አቃተሽ?» ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ የቀሪዎችን ስም እመዘግብ ነበር። ቀና አላልሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

እትዬ ብርቄ ጠዋት አንድ ጄሪካን ውኃ የየሺ አጥር ሥር አስቀምጠው ይመለሳሉ። ዛሬ እኅትየው ደፋችው። ከመስኮት አየሁ። ባዶውን አንሥተው እንደገና ወደ ቦኖው ወረዱ።

ወጥቼ ላግዛቸው ነበር። ጫማዬን ሁሉ አድርጌ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቅሬው ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ዳኛው፣ «ከእንግዲህ ብርቄ መርዶ አይናገሩም፤ ለቅሶ ቤትም አይቀመጡም» አሉ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጽሑፍህ ያምራል ተባልሁ።

እትዬ ብርቄ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ብቻ ነው ያሉት። ሲወጡ በጎኔ አለፉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምሳ በልተሃል?» አሉኝ።

አልበላሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ። ውሳኔውን አባዝተህ ለየቤቱ አድርስ ተብያለሁ። መብራት ስለሌለ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ።

ከጎኔ የተቀመጠ የቅሬው ሰው ወረቀቱን አየና፣ «እንግዲህ ሰው ሲሞት ማንን ልንጠራ ነው?» አለ።

«ጸሐፊውን ነዋ! ጽሑፉ ያምራል» አለ ሌላው። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

መልእክቱ እኔ ስልክ ላይ አለ፤ የተላከላቸው ሰዎች ስምም ከነየሺ አለበት። የሺ ባታነብ እኅቷ ታነባለች።

መብራት መጣ። «ጋሼ፣ ስንት ኮፒ?» ትለኛለች ልጅቷ።

ወረቀቱን ሳይባዛ ተቀብያት፣ ስልኬን ይዤ ወደ የሺ ቤት ልሄድ ነው። አሁን፣ ጫማዬን እንዳደረግሁ።