እርማት በገጽ ሁለት

ጥቅምት 4

ዛሬ እርማት ስናስተካክል ዋልን። ችኩሏ ባለፈው እትም ስለ አንዲት አዋላጅ ስትጽፍ ዕድሜዋን በአሥር ዓመት ጨምራባት ኖሯል። ሴትዮዋ ደውላ “እኔን ለማስረጀት ምን አስቸኮላችሁ?” አለች። ሳቄን ዋጥኩ። ችኩሏ ያልኳት ራሴ ነኝ። ከሪፖርተሮቼ ሁሉ ፈጣኗ፣ በስህተትም የሚቀድማት የለም።

ደንቡን ታውቃለች። መጽሔቱ ከተመሠረተ ጀምሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የተሳሳተ ሰው እርማቱን ራሱ ይጽፋል፣ ስሙን ከሥሩ ያሰፍራል፣ ገጽ ሁለት ላይ ከላይ ይወጣል። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበታለሁም። ሦስት ጊዜ አስጻፍኳት። “በጥድፊያ ምክንያት” የምትለውን ሰበብ አስወጣኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ...

“እትዬ፣ እርስዎ ግን እስከዛሬ አንድም እርማት አልጻፉም?”

“አልተሳሳትኩማ!”

ምላሴ ቀደመኝ። ቢሆንም እውነት ነው።

ጥቅምት 9

አሳታሚው ደወለ። የትዝታ መጽሐፌ ከገበያ አልቋል! ሁለተኛው እትም ሊታተም ነው። በጀርባ ሽፋኑ ላይ ያቺ በራሪ ወረቀት ትወጣለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ። የልብስ ፋብሪካው ሴቶች ሥራ አቁመው እንዲወጡ የጠራችው። በሩ ተቆልፎባቸው፣ የሚጠቡት ሕፃናት ውጭ አያቶቻቸው እጅ ላይ እያለቀሱ...

“ወተታችን ቀሚሳችን ላይ ፈሰሰ። ልጆቻችን በር ላይ አለቀሱ። በሩን ክፈቱ።”

ከሥሩ “የደራሲዋ የመጀመሪያ ጽሑፍ” ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር! ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ጽፌ አላውቅም። ልጄ አራስነቷን እኔ ጋ እያሳለፈች ነው። ስገባ አይታኝ “እማዬ፣ ዛሬ እግርሽ መሬት ይነካል?” አለችኝ።

ጥቅምት 13

ቢሮ እንግዳ መጣችብኝ። ስልሳ ስምንት ሰባ የሚሆናት ሴት፣ መጽሐፌን በሻርፗ ጠቅልላ ይዛለች። ላስፈርም ብላ ነው የመጣችው። ብዕር አነሳሁ።

“ስምዎን ማን ልበል?”

“አንቱ ከየት መጣ? ድሮ አንቺ አልነበር የምትይኝ?”

ቀና አልኩ። ሰፊዋ! ከልብስ ፋብሪካው፣ እጅጌ ትሰፋ የነበረችው። ያኔ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። አቀፍኳት፣ አለቀስን፣ ሳቅን። የማታ ትምህርት ገብታ ማንበብ ከቻለች ሃያ ዓመቷ። ለማሳየት ወረቀቷ ያለችበትን ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ገልጣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። አንድም ቃል አልሳተችም። ከዚያ መጽሐፉን ከደነችው።

“ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል። ይቺ የወረቀቷ ቃል ግን የኔ ነበረች።”

“እኔ ነኝ የጻፍኳት!” ጮህኩ መሰለኝ፤ ችኩሏ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች።

“ጽፈሻታል” አለች ሰፊዋ፣ ረጋ ብላ። ሻይዋን ጨርሳ ሄደች።

ሳልፈርምላት።

ጥቅምት 14

እኔ ነኝ የጻፍኳት። በእጄ።

ጥቅምት 15

ልጄ ስታጠባ ስልክ ተደወለላት። ልታነሳ ሕፃኑን ከጡቷ ስታላቅቀው አለቀሰ፤ ወተቱ ሸሚዟን አራሰው። ፎጣ ሳቀብላት እንደ ቀልድ ጠየቀችኝ።

“እማዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር አላልሽም? ሳትወልጂ ይሄ ወተት ልብስ ላይ እንደሚፈስ ማን ነገረሽ?”

ሌላ ፎጣ ላመጣ ብዬ ወጣሁ።

አሁን ሁሉም ፊቴ ላይ አለ። ከአንድ ጫማ ሰፊ ቤት ጀርባ፣ በድብቅ የምንሰበሰብባት ጠባብ ክፍል። የወረቀት ማባዣው ድምፁ እንዳይሰማ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። እኔ ከጽሕፈት መኪናው ፊት። ሰፊዋ ልጇን አዝላ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች ቃሉን ትነግረኛለች። እሷ ትላለች፣ እኔ ለማባዣው ሰም ወረቀቱን፣ ስቴንስሉን፣ እመታለሁ። ለካ!

ታዲያ እንዴት የኔ ሆነች? ያኔ በገባነው መሐላ ምክንያት ነው መሰለኝ። “ማን ጻፈው?” ብለን እንዳንጠይቅ፣ ብንጠየቅም እንዳንናገር ተማምለን ነበር። እዚህ ማስታወሻ ላይ እንኳ የሰው ስም የማልጽፈው ያ አመል አልለቅ ብሎኝ ነው። ያ የአፈና ዘመን ካለፈ በኋላ ሰው “መኪናው ፊት የተቀመጠችው እሷ ናት፣ ጽሑፉ የሷ ነው” አለ። ዝም አልኩ። መጀመሪያ ስለ መሐላው፣ ኋላ ደስ ስላለኝ። ዝም ስል፣ ዝም ስል... እውነት መሰለኝ።

በዚያች ወረቀት አይደል ሥራ ያገኘሁት? “‘በሩን ክፈቱ’ን የጻፈችው” ተብዬ አይደል መጽሔት የተሰጠኝ?

ጥቅምት 17

አሳታሚው ቢሮ ሄድኩ። ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘ።

“ሽፋኑ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል! ማን ያውቃል? ሴትዮዋ እንደሆነ አልከሰሰችሽ። ተይው እባክሽ። ሰው አንድ ጊዜ ዋሸች ካለሽ የቀረውንም አያምንሽም።”

እሱ ክፉ ሰው አይደለም። የፈራው እኔ የፈራሁትን ነው። በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለልጄ ሁሉንም ዘርዝሬ ብነግራት ሕፃኑን እያስገሳች “ያቺን ምስኪን በአዋላጅ ዕድሜ ሦስት ጊዜ አላስጻፍሻትም?” አለችኝ። ጥርሷን ሳታሳይ ነው የነከሰችኝ። የኔ ልጅ!

ለአሳታሚው ደውዬ ሽፋኑን አስቆምኩት። በሰፊዋ ስም እንዲወጣ።

ጥቅምት 18

የመጀመሪያ እርማቴን ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ስለ መሐላው፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ወጣትነቴ... ሰበብ፣ ሰበብ፣ ሰበብ። ለችኩሏ ሰጠኋት።

“አርሚልኝ።”

“እኔ? የእርስዎን?”

ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ ያለ ርኅራኄ ወረደችበት። የቀረው ይኸው ነው፦ “‘በሩን ክፈቱ’ የሚለውን ወረቀት እኔ እንደጻፍኩት በመጽሐፌም በዚህ መጽሔትም ተናግሬአለሁ። ስህተት ነው። ቃሉ የሰፊዋ ነው። እኔ የጻፍኩት ስትነግረኝ ሰምቼ ነው።” ሰፊዋ ባልኩበት ቦታ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ገብቷል። ከሥሩ የኔ።

ችኩሏ እንዲህ ማረም ከየት ተማረች? ከኔ ነዋ! እየደነገጥኩም ደረቴ ተነፋ።

ኅዳር 2

ለመጽሐፉ ምረቃ የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ከእርማቱ ወዲህ የሰደበኝም አለ፤ አንዷ “ሌባ” ብላ ጽፋልኛለች። ሁለተኛው እትም ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ ጀርባው ላይ የሰፊዋ ስም።

አንብቢ ሲሉኝ ማይኩን አጠገቤ ለተቀመጠችው ለሰፊዋ ሰጠኋት። መነጽሯን እንኳ አላወጣችም። ቃሏ አይደል? በቃሏ ወረደችው።

“ወተታችን ቀሚሳችን ላይ ፈሰሰ። ልጆቻችን በር ላይ አለቀሱ። ከመሃላችን የፈራች አለች። እሷም ትምጣ፤ መሃል እናስገባታለን። በሩን ክፈቱ።”

መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ተናገረች። ወደኔ ዞረች።

“ይቺን ቆርጠሽብኛል። ያኔ ሲነበብልኝ ሰምቼ ዝም አልኩ።”

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አዎ፣ ቆርጫለሁ። “የትግል ወረቀት ፈሪ አይጠራም” ብዬ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕውቀቴ። የአርታኢነት ሥራዬ የተጀመረው የወረቀቷን ምርጥ ቃል በመቁረጥ ነው ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ሴቶቹ ሥራ አቁመው የወጡበት ያ ጠዋት ትዝ አለኝ። ዱላ የያዙት ዘበኞች ሲመጡ እግሬ ከዳኝ። አንድ እጅ ክንዴን ይዞ ሴቶቹ መሃል ከተተኝ። ዙሪያዬን ትከሻ ብቻ። ይህን በመጽሐፌም፣ በየትም ጽፌ አላውቅም።

ተነሳሁ። ማይክ አልጠየቅኩም።

“የፈራችው እኔ ነበርኩ” አልኩ።

“አውቃለሁ” አለች ሰፊዋ። “ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያስገባኋት።”

ሦስተኛው እትም ላይ ሙሉው ይወጣል። አሳታሚው ራሱ ነው ቅድም ደውሎ የነገረኝ። የዚህችን ሴት ቃል በእነዚህ ጣቶቼ ጽፌአለሁ። ከዚህ በላይ ምን ኩራት አለ?