ዘመድ የሌለበት ሰፈር

እሑድ 3.5፣ ከሥራ መልስ

እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ዛሬም ስምንት ሰዓት ቆሜ ካሮት ስለቅም ዋልኩ። የሚፍዓሉ፣ የፋብሪካው፣ ካሮት አያልቅም፤ እኔ ግን እያለቅሁ ነው።

የኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ መምህሬ በየቀኑ በዕብራይስጥ ጻፊ ብላ ነው አንቺን ያስገዛችኝ። አንድ ሳምንት ሞከርኩ። ተነሳሁ፣ በላሁ፣ ሠራሁ። ይኸው ነው የምችለው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ። ስለዚህ በአማርኛ እንጫወት፤ እሷ አታይሽም።

ወሬ አለኝ። ልጄ ኦርሊ ትናንት ሻባት ሲወጣ ከያቭነ መጣችና ፖስታ ሰጠችን። ሾቫር፣ የስጦታ ወረቀት ነው። ሐይፋ ከተማ፣ ሆቴል፣ ሁለት ሌሊት ከነቁርሱ፣ ለእኔና ለአባቷ። ሰላሳ ዓመት በትዳር ስትኖሩ አንድ ቀን ለብቻችሁ ወጥታችሁ አታውቁም አለች። እውነቷን ነው። ከከተማችን ከቂርያት ማላኪ የምንወጣው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። የምናድረውም ሳሎን ውስጥ፣ የሰው ፍራሽ ላይ።

ወረቀቱ ላይ አራት ሆቴል አለ፣ አራቱም በተለያየ ሰፈር። እስከ ማክሰኞ ሳምንት ካልመረጥን ይቃጠላል። የምንሄደው በወሩ መጨረሻ።

ባሌ ተገኘ (ከእንግዲህ ተ. ብቻ፤ እጄ ይደክማል) ወረቀቱን አገላብጦ አየና ከፖስታው መልሶ ከተተው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሐይፋ እኮ እማማ ዘነቡ አሉ።

ሰኞ 4.5፣ ጠዋት፣ የሥራ አውቶቡስ ውስጥ

እማማ ዘነቡ የተ. አክስት ናቸው። እናቱ ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር። ከራሳቸው ልጆች ሳይለዩ አሳደጉት። እዚህ አገር ቀድመውን ገቡ። እኛ ስንመጣም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ድስት ተሸክመው የተቀበሉን እሳቸው ናቸው። ዛሬ ቂርያት ሐይም ብቻቸውን ይኖራሉ። ሐይፋ ማለት ነው፣ ከሆቴሎቹ በአውቶቡስ።

ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር በእኛ ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም፣ ወረቀት ነሽ። ቤትሽ አይመቸኝም ማለት ነው። ካንቺ ጋር መብላት አልፈልግም ማለት ነው። ሰው በዚህ ምክንያት ዓመት ሙሉ ሲኮራረፍ አይቻለሁ።

ተ. ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ አለኝ። እኔ የትኛው ነኝ፣ አህያው ወይስ አመዱ? አልኩት። ሳቀ።

የምፈልገውን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ሁለት ሌሊት። ሰው ሳላስተናግድ፣ ሰውም ሳያስተናግደኝ። ጠዋት ፍራሽ ሳላጥፍ፣ ሰሃን ልጠብ እያልኩ ሳልግደረደር። መስኮቱን ስከፍት ባሕር። ተ. አጠገቤ፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ። እንግዳ የለመደ ቤት ነው ያለኝ፤ ደስ ይለኛል፣ አላማርርም። ግን ባሌን ለብቻው አግኝቼው አላውቅም። ዕድሜዬ ሃምሳ ሆነ። ይህ ብዙ ነው?

ደረስን። ካሮት።

ረቡዕ 6.5፣ ከያቭነ፣ ከኦርሊ ቤት መልስ

ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ኦርሊ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ሰፈሮቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። እሷ የምታየው ገንዳና የሰው አስተያየት ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው።

ላይ ካርሜል፤ ዛፍ፣ ነፋስ፣ ውብ ነው። ግን የአጎቴ ልጅ እዚያ አሮጊት ትጠብቃለች፣ ቀን ቀን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ታዞራታለች። ተሰረዘ። ሃዳር መሃል ከተማ ነው፣ ሁሉም ቅርብ። የተ. የአጎት ልጅ ገበያው በር ላይ ዘበኛ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ የንስር ነው። ተሰረዘ። ወደቡ አጠገብ ያለው፣ በዚያ የሚያልፈውን አውቶቡስ የሚነዳው የጎንደር ጎረቤታችን ነው። ኦርሊ ሳቋ ሊገድላት። እማ፣ ሰው ሰፈር የሚመርጠው ምግብ ቤት አይቶ ነው፣ አንቺ ዘመድ አይተሽ ትሸሻለሽ አለች። ምን ላድርግ። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ የሚደበቅበት ከተማ የለውም።

የቀረው ባት ጋሊም። ጠፍጣፋ ነው፣ ለጉልበቴ ጥሩ። ባሕሩ እግር ሥር። ዘመድ፣ ባዶ። ሁለቴ አሰብኩ፣ ሦስቴ አሰብኩ፣ ማንም የለም። እንዲህ ያለ ሰፈር መኖሩ ራሱ ገረመኝ።

ለተ. ደወልኩ። ማንም ካልሰማ ቤሰደር አለ። ድምፁ የሌባ ድምፅ ነው። ቢሆንም እሺ ነው። በአውቶቡስ ስመለስ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ መጣሁ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ እስክትታዘበኝ።

ዓርብ 8.5፣ ሻባት ሳይገባ፣ በጥድፊያ

ምላሴን ይቁረጠው።

ትናንት ገደራ ለቅሶ ሄድኩ፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ አባቷ ሞተው። ድንኳን ሙሉ ሰው። አጠገቤ ነጠላ የለበሰች ደርባባ ሴት ተቀመጠች። ጠዋት ከሐይፋ ነው የመጣሁት አለች። እኔ ሞኟ ልቤ ዘለለ። ባት ጋሊም ጸጥ ያለ ነው ወይ? ሆቴሎቹስ እንዴት ናቸው? ከባሌ ጋር ልንሄድ ነው፣ ማንም እንዳይሰማ ብለን ነው እንጂ... ሁሉን ዘረገፍኩላት። ሴትዮዋ በትሕትና መለሰችልኝ። ደግ ሴት።

ከዚያ፣ ወሬው ካለቀ በኋላ፣ የማን ልጅ ነሽ? አልኳት።

ሰው አስቀድሞ ዘር ይጠይቃል፣ ከዚያ ያወራል። ልጅ እንኳ ያውቃል ይህን። እኔ አስቀድሜ ሆቴል ጠየቅሁ። አባቷን ነገረችኝ፣ አያቷን ነገረችኝ፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ገባኝ። የእማማ ዘነቡ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አጎቷ ናቸው። ከእማማ ጋርም አንድ ሕንጻ ላይ ፎቅና ምድር ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለተ. ነገርኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጁን አየ። ሻማ ልለኩስ፣ ሰዓቱ ደረሰ።

እሑድ 10.5

ስልክ አልጮኸም። ሻባት ከወጣ ጀምሮ አጠገቤ ነው። እማማ ዘነቡ ሻባት በወጣ ቁጥር ይደውሉ ነበር፣ ሰላም ነው ወይ ለማለት። አልደወሉም።

ተ. ወረቀቱን ለኦርሊ መልሺላት አለ። እሷና ጓደኛዋ ይሂዱ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ለእኔ እናት ናቸው፣ ሌላ የለኝም አለ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። ስለ ባሕሩ ነው ያለቀስኩት፣ ከዚያ ደግሞ ስለ እሳቸው። ተቀላቀለብኝ።

ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ነውሩ ሆቴሉ አይደለም። ድብብቆሹ ነው። ነገ እኔው እደውላለሁ። ለተ. አልነገርኩትም።

ሰኞ 11.5፣ ከሥራ መልስ፣ ደስ ብሎኛል

ደወልኩ። በምሳ እረፍት፣ ከሚፍዓሉ ጀርባ፣ ካሮት ሳጥን ላይ ተቀምጬ። ሰላምታው ረዘመ። ጤና፣ ልጅ፣ ጉልበት፣ ዝናብ። ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም እንዞራለን። በመጨረሻ አፈረጥኩት። እማማ፣ ቤትዎ ጠቦኝ አይደለም፣ እጅዎ ላይ ነው የበላሁት። ሁለት ቀን ከባሌ ጋር ለብቻዬ መሆን አማረኝ፣ አፈርኩና ደበቅሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

በስልኩ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ከዚያ ሆቴሉ የትኛው ነው? አሉ። ነገርኳቸው።

ሳቁ። ሳቁና ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ። ጡረታ እስኪወጡ አሥራ አንድ ዓመት አልጋ ያነጠፉበት ሆቴል ነው! እኔ እማማ ጽዳት ይሠሩ እንደነበር አውቃለሁ እንጂ የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሃያ ዓመት። ዘር ስጠይቅ ሥራ ረሳሁ።

አራቱንም ሰፈር በአንሶላ ያውቁታል፤ ሁሉም ጋ ሠርተዋል። ካርሜል ላይ ጭጋግ ነው፣ አንሶላ አይደርቅም። ሃዳር ደረጃው ጉልበት ይበላል። ወደቡ ጋ መኪና አያስተኛም። ባት ጋሊም ደግ መርጠሻል አሉ። ግን ሁለተኛ ፎቅ እንዳትቀበሉ፣ የወጥ ቤት ሽታ ይገባል። አራተኛው ፎቅ፣ የመተላለፊያው መጨረሻ፣ በስተግራ። እዚያ መስኮቱ ሁለት ነው። አንሶላውን ወጥረው ሲጨርሱ ባሕሩን ትንሽ ያዩ ነበር፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ክፍል። አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ እንኳ ተቀምጠው አያውቁም፣ ክልክል ነው። የሚገቡትም በጓሮ በር፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል።

ታዲያ ለምን አልደወሉም? ተገኘ ራሱ እስኪነግረኝ ስጠብቅ ነበር አሉ። ያሳደግሁት ልጅ እኔን ፈራኝ ብዬ ከፋኝ እንጂ ሆቴሉስ ምንም አይደል አሉ። ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እናንተ ስትመጡ ሦስት ቀን ቆሜ ነው የምሠራው፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም አሉ። ለሰው እንዳትነግሪ። አልነግርም፣ ላንቺ በቀር። የጠየቀ ካለ ደግሞ እኔ ነኝ የላክኋቸው እላለሁ አሉ።

ስንሰነባበት አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ። ጠዋት አልጋውን እንዳታነጥፊ፣ አውቅሻለሁ፣ አንቺ ታነጥፊያለሽ። ተይው። የምታነጥፍ አለች።

ለተ. ሁሉንም ነገርኩት። ከጉልበታቸው ወሬ በቀር። ተነስቶ በረንዳ ወጣ፣ ቆየ፣ ዓይኑን ጠርጎ ተመለሰና ሻይ አፈላልኝ። ስኳር አበዛበት፣ ጠጣሁት።

ማክሰኞ 12.5፣ ማምሻውን

ኦርሊ እዚህ መጥታ ያዘችልን። ባት ጋሊም። አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው፣ በስተግራ። የሆቴሉ ልጅ እንዴት አወቃችሁት ብሎ ተገረመ። ቤተሰብ ነው አለችው።

ያላ፣ ሌላ የምጨምረው አለ? አለች ኦርሊ። እኔ የለም ልል ነው። ተ. ቀደመኝ። የመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ ለሦስት ሰው አለ። ለሦስት፣ ባሕሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ፣ ተቀምጠው፣ አስተናጋጅ እያመጣላቸው። ቀና ብሎ አየኝ። ሁለቱ ሌሊት የአንቺ ነው፣ አንድ ቁርስ ስጪኝ ማለቱ ነው። ሰጠሁት። ደስ እያለኝ ሰጠሁት።

እማማ ዘነቡ ጋ ደወልን። መጀመሪያ እንቢ አሉ፣ ከዚያ ምን ልልበስ አሉ። መጨረሻ ላይ፣ ታዲያ በየትኛው በር ነው የምገባው? ብለው ጠየቁ።

ተ. ስልኩን ከእጄ ወሰደው። በዋናው በር እማማ፣ ደጅ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፣ እጅዎን ይዤ ነው የማስገባዎት አለ። እኔ አሁን ጽሕፈቱ በእንባ ደብዘዝ እያለብኝ ነው፤ ላቁም።