አቦቦ ሄዷል በላት

ለምወድሽ እህቴ ለከይሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንቺም ልጆቹም ጅማ ላይ በሰላም ከረማችሁ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ በርትቶብናል።

አንቺ ከወንድማችን ከአብራር ለቅሶ ከተመለስሽ ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሱቁ ውስጥ ለእማዬ ኑዌርኛ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። ቋንቋውን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ አይከብደኝም። ትናንት ደንበኛችን ኛቡዋይ ሳሙና ልትገዛ መጥታ፣ «እናትህን እንዴት ሰነበትሽ በልልኝ» አለችኝ። ነገርኳት። እማዬም፣ «ደኅና ነኝ፤ አብራር ዕቃ ሊያመጣ አቦቦ ሄዷል፣ ነገ ይመጣል በላት» አለችኝ።

ኛቡዋይ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን አብራን የተቀመጠች ሴት ናት። ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ከአፌ ግን አልወጡም። ኛቡዋይ ግን የእማዬ አማርኛ ገብቷት ኖሮ፣ ሳሙናውን አስቀምጣ እማዬ አጠገብ ተቀመጠችና በራሷ የተሰባበረ አማርኛ፣ «እሺ እናቴ፣ እኔም አብሮ ይጠብቃል» አለቻት።

እማዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «አየህ፣ ያላንተም ተግባባን» ብላ ቀለደችብኝ።

ለባልሽና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ስትደውዪ አስቀድመሽ ስምሽን ተናገሪ፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር እማዬ «አብራር ነው?» እያለች ትሮጣለች። አላህ በቶሎ ያገናኘን።

ወንድምሽ ሙአዝ
ከጋምቤላ፣ ኒውላንድ