በኦሳካ ስለነበረው ሁለተኛ ወንበር ማብራሪያ ስለመስጠት

ለክቡር ጋሼ ነጋሽ፣
የወይራ ጥላ መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም በየወሩ ጉባኤ ላይ ለሦስት ሰዓት ያለ ውኃ የሚሠራው ድምፅዎ እንደምን ከርሟል? እኔ የሟቹ የአቶ ተክለብርሃን ባለቤት ሸዋረጋ፣ ሚራክል ማይል ካለው የቢሮ ሕንፃ ሥር በመኪና ማቆሚያው ዳስ ውስጥ ተቀምጬ መኪና ሳስገባና ሳስወጣ የምውለው፣ የእድሩም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አባል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ እሱ ስለሆነ ነው፤ ጠያቂ ከጠፋ ግን ሰንብቷል።

በዘጠኝ የኮሚቴ አባላት ተፈርሞ፣ በክብ ማኅተም ደምቆ ባለፈው ሳምንት የተላከልኝን ደብዳቤ እዚያው ዳስ ውስጥ፣ በመኪናና በመኪና መካከል ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ባለቤቴ ባረፈ በአምስተኛው ወር ጃፓን አገር ሄጄ፣ ኦሳካ በሚባል ከተማ ከቤት ቤት እየዞርኩ ምግብ ስቀማምስ ተገኝቻለሁ፤ ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት «ሐዘኑን ያቃለለ አባል» ተብያለሁ፤ ኢንግልዉድ በሚገኘው የእድሩ መቃብር ከባለቤቴ አጠገብ የተያዘልኝ ቦታም በመጪው እሑድ ጉባኤ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ አባል ይተላለፋል። መልሴን በግልጽ ደብዳቤ የማቀርበው ንቀት ኖሮኝ አይደለም። የእርስዎ ደብዳቤ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ፌርፋክስ ላይ ባሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ ተነቦ እንዳለቀ ስለሰማሁ፣ መልሱም ከወንድሙ እንዳያንስ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ደብዳቤው ራሱ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ተክለብርሃን በተቀበረ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ በአርባው ዕለትም ሞልቶ ነበር፤ እርስዎም በሁለቱም ጊዜ ሁለት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ንግግር አድርገዋል። ከአርባው ወዲህ ግን ከእድሩ የደረሰኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ደብዳቤ ነው። ዘጠኝ ሰው በአንድ ቀን አስታወሰኝ ማለት ነው። ለአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከዚህ የበለጠ ምን ይደረግላታል?

ሁለተኛ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «በቀብሩም ዕለት አላለቀሰችም» ተብሎ የሰፈረው ፍጹም እውነት ስለሆነ፣ ይህን ያህል ትኩር ብለው ላዩኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ያን ቀን አላለቀስኩም፤ ዛሬም አላለቀስኩም። ደንዝዣለሁ። የጥርስ ሐኪም መርፌ ከወጋ በኋላ የራስ ከንፈር የሌላ ሰው ከንፈር እንደሚመስለው፣ እኔም ከመስከረም ጀምሮ በሰው ገላ የምዞር ይመስለኛል። ጨውና ስኳርም አልለይም። ይህ በደንቡ የትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ ኮሚቴው ቢያሳውቀኝ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ግን አይሰማኝም።

ሦስተኛውን ከማንሣቴ በፊት፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ጉዞው እንዴት እንደመጣ ላስረዳ። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት ከኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ ጃፓኖቹን ይወድ ነበር፤ በሩን ቀስ አድርገው ይዘጋሉ ይለኛል። አንድ ቀን መንገድ ተዘጋግቶ ከአንድ የኦሳካ ሰው ጋር ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀመጡ፤ ሰውየው ስለ ከተማው ምግብ ሲያወራለት ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ የእኛ ቤት ወሬ ኦሳካ ብቻ ሆነ። የዚያው አገር ልጅ የሆነች፣ ቀኗን ለእኛ ብቻ የምትመድብ፣ ቱሪስት በማይረግጠው ሰፈር እያዞረች የምታበላ አስጎብኚ በኢንተርኔት ፈልጎ ለየካቲት የመጀመሪያ ሐሙስ አስያዘ። ያስያዘው ለሁለት ሰው ነበር። በመስከረም ሞተ። ቀኑ ሲደርስ እኔ ሄድኩ። ለምን ሄድሽ ለሚለኝ፣ ቀኑ ስለደረሰ ከማለት በቀር መልስ የለኝም፤ ሥራም የምገባው እንዲሁ ነው።

ኬይኮ የምትባለው አስጎብኚ በቀትር፣ በባቡር ጣቢያው በር ላይ የሁለታችንን ስም የጻፈችበት ወረቀት ይዛ ቆማ አገኘኋት። ሁለተኛው እንግዳ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በዚህ ከተማ ብዙ መርዶ የነገሩ ሰው ስለሆኑ ፍርዱን ለእርስዎ እተወዋለሁ። መርዶ ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ ይነገራል እንጂ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር፣ የሚደግፋት ሰው ለሌላት ልጅ ይነገራል? አፌ እምቢ አለኝ። «ትንሽ ይዘገያል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማረም አልቻልኩም። በሄድንበት ቤት ሁሉ ከጎኔ ሌላ ወንበር፣ ሌላ ሳህን፣ ሌላ ጥንድ ቾፕስቲክ የሚሉት መብያ እንጨት ይቀርባል። መጀመሪያ በገባንበት ቤት እንደ ፓስታ ያለ ወፍራም ነገር በዓሣ መረቅ ተሠርቶ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን መጣ፤ አንደኛውን በላሁ፣ ሁለተኛው ቀዘቀዘ። ቀጥሎ የገባንበት ቤት ሥጋና አትክልት በእንጨት ሰክተው ይጠብሱና ሁሉም ሰው ከአንድ የስጎ ዕቃ ያጠቅሳል፤ ነገር ግን አንዴ የነከሱትን ደግሞ ማጥቀስ ክልክል መሆኑ በግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። እናቶቻችን ከየፊታችን መብላት ላስተማሩን ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የኮሚቴያችን አባላት ግን በተዝካር ላይ የሰው ፊት ያለውን ሥጋ ሲጎትቱ ስላየሁ፣ ያንን ማስታወቂያ ለአዳራሻችን ገልብጬ ባመጣሁት ብዬ ተቆጨሁ። ከቤት ወደ ቤት በተዘዋወርን ቁጥር ኬይኮ ባለቤቴ እንዳይጠፋ አዲሱን አድራሻ እንድልክለት ታሳስበኛለች። እኔም ላክሁለት። ስልኩ ያለው ሎስ አንጀለስ፣ የአልጋችን መሳቢያ ውስጥ ነው። ሦስት አድራሻ ላክሁለት።

ወደ ሦስተኛው ልመለስ። «በሃይማኖታችን የማይፈቀድ የባሕር እንስሳ በልታለች» ለሚለው ጥቆማ የእድሩን አባል አቶ ዓለምሰገድን አመሰግናለሁ። በእርግጥ የከተማው ስመ ጥር ምግብ ስምንት እግር ያለው ፍጥረት በሊጥ ተጠቅልሎ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልበላም ስላት ግን ኬይኮ ሳትከራከር በሌላ መንገድ ወሰደችኝ። ከኦሳካ በላክሁት ፎቶ ላይ የሚታየው ጎመን ነው፤ በእንቁላልና በዱቄት ተለውሶ በጋለ ብረት ላይ የተጠበሰ ጎመን። ዐቢይ ጾም አልገባም ነበር፤ ዕለቱም ሐሙስ ነበር። ጎመንን በሩቁ ማርከስ የሚችል ዓይን ያለው ሰው በመካከላችን መኖሩ ለእድሩ ትልቅ ሀብት ነው።

አራተኛ፣ ፎቶውን የላክሁት ሆሊውድ ለምትኖረው እህቴ ለኤልሳቤጥ ነው። እሷ ለአንድ ሰው ብቻ አሳየች፤ ያ አንድ ሰው የእድሩ ጸሐፊ ፀዲ ነበረች። ፀዲም በእድሩ ግሩፕ ላይ «ሶ ሸዋዬ ጃፓን ገብታ ኢንጆይ እያደረገች ነው፣ ነጭ ለብሳ፣ አፏ እስኪቀደድ እየሳቀች፣ ኦኬ? ሁለተኛው ፕሌት ደግሞ የማነው ጋይስ?» ብላ ጻፈችና ሠላሳ አንድ ሰው የሳቅ ምልክት አደረገበት። ከእነዚህ ሠላሳ አንድ ሰዎች መካከል ስምዎን በማየቴ፣ በዚህ ዕድሜ ስልክ መነካካት ስለቻሉ ኮርቼብዎታለሁ። ኮሚቴው ይህንኑ ጥያቄ ወደ ወግ ቋንቋ መልሶ «የሁለተኛውን ተመጋቢ ማንነት በጽሑፍ እንዲያስረዱ» ሲል አዝዞኛል። ታዝዣለሁ፤ እነሆ ላስረዳ።

መጨረሻ የገባንበት ቤት ስምንት ወንበር ብቻ ያላት፣ አንድ ሽማግሌ በብረቱ ወዲያ ቆሞ የሚጠብስባት፣ ሚስቱ የምታስተናግድባት ጠባብ ቤት ናት። ዘይቱ ልብሴ ላይ እንዳይረጭ ሴትዮዋ ነጭ የወረቀት ሽርጥ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ያ ፀዲ ያየችው ነጭ ልብስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ከል ነው። ምግቡ ሲቀርብ ቀኑን ሙሉ ስታበላኝ የዋለችውን ልጅ ሳላጎርስ ብነሣ ነውር መሰለኝና፣ በቾፕስቲኬ ቆርሼ ወደ አፏ ዘረጋሁ። እሷ ሳህኗን አቀረበች። ጉርሻ ሳህን ላይ አይቀመጥም ብዬ እምቢ አልኳት። ግራ ገባትና እየሳቀች የራሷን ቾፕስቲክ ልትቀበለኝ አነሣች፣ ወዲያው ደግሞ መለሰችው። ሽማግሌው መጥበሱን አቆመ።

ምን አጠፋሁ አልኳት። በእነርሱ አገር ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ የሚቀባበሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ የሟቹን አጥንት። ቤተሰብ ቆሞ፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ወደ ዕቃው ይከተዋል። ይህን እየፈራች፣ እያፈረች ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ፣ ሽማግሌም አለ፣ ሴትም አለች፣ ሰው ተሰብስቧል አልኩና፣ ባሌ አይዘገይም፣ ሞቷል አልኳት።

ኬይኮ ለሁለቱ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ማንም ምን ሆኖ ሞተ፣ ምን ተወልሽ አላለኝም። ኬይኮ ስሙን ብቻ ጠየቀችኝ፤ ተክለብርሃን አልኳት፤ እስኪስተካከልላት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሽማግሌው ከብረቱ ላይ ትኩሱን ቆረጠና ከጎኔ ባለው ባዶ ሳህን ላይ አስቀመጠለት። እኔም ቾፕስቲኩን ጣልኩና ኬይኮን በእጄ አጎረስኳት። ፎቶውን ያነሣችው ሴትዮዋ ናት። ሰው ሲያጎርስ የራሱም አፍ አብሮ ይከፈታል፤ ልጅ ያጎረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ፀዲ ሳቅ ያለችው እሱ ነው። ከዚያ እኔም ቀመስኩ፤ ለሁለት ጉርሻ ያህል የጎመኑ ጣዕም መጣልኝ፣ ከዚያ ሄደ።

እንግዲህ ሁለተኛው ተመጋቢ አቶ ተክለብርሃን ነው። በእድሩ መዝገብ ላይ የሚገኝ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእናንተን ሬሳና ለቀስተኛ በታክሲው ሲያመላልስ የነበረ ሰው ስለሆነ ማንነቱን ለማጣራት ኮሚቴው ብዙ አይቸገርም።

ስለ መቃብሩ ቦታ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ቦታዬን ለሌላ ሰው ከሰጣችሁ ባለቤቴ ይህን ከሌላ ሰው መስማት የለበትም፤ ሚስትህ አትመጣም ማለት መርዶ ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ ማልዳችሁ፣ ዘጠኛችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ኢንግልዉድ ውረዱና ራሳችሁ ንገሩት። እርስዎም እንደ ልማድዎ ተነሥተው ንግግር ያድርጉ። ያንን ማድረግ ከከበዳችሁ ግን ቦታው ይቆየኝ። እሑድ እኔም ጉባኤው ላይ እገኛለሁ፤ አላለቅስም፣ አትስጉ።

ለክቡርነትዎና በየፊርማው ሥር ለተደረደሩት ስምንት ክቡራን የማይጓደል አክብሮቴን፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳስም የሞቀ ሰላምታዬን እየገለጽኩ፣ በሐዘኔ ስለበረታችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

ታዛዥ አባልዎ
ሸዋረጋ፣ የተክለብርሃን ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወረቀቱን ሽርጥ አጥፌ አምጥቼዋለሁና ለማስረጃነት ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ከተመረመረ በኋላ ለእርስዎ ይሁን፤ በአርባው ዕለት ወጡ ከረባትዎ ላይ ሲወርድ አይቼ፣ ሐዘኑ ጸንቶባቸው ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር።

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ፣ በግሩፑ፤
ለአቶ ተክለብርሃን፣ በስልኩ፦ ትንሽ እዘገያለሁ፤ ወንበሬን ያዝልኝ።