የድንች ምሽግ

ታይሲያ፣

ይህን ፖስት ካርድ የሠራው ሰው ለሐይቁ ሥዕል እንጂ ለጸሐፊ አላሰበም፤ የተረፈችኝ መዳፍ የማታክል ቦታ ናት። ለማን አቤት እንደምል አላውቅም።

እናንተ ቮሎግዳ ጓሮ ቆፍራችሁ ድንች ታኖራላችሁ። እዚህ ኦኔጋ ሐይቅ ዳር ግን አካፋ ስንዝር ሳይገባ ድንጋይ ይመታል። ጎተራ የሠሩልን ፊንላንዶች ናቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋን ሦስት ዓመት ያህል ይዘው ኮረብታውን በድማሚት ፈልፍለው ምሽግ አበጁ፣ በሰኔ ጥለውት ሄዱ። አሁን የፊም የሚባለው የሚስቴ ወንድም የክረምት ድንቹን ከመትረየሱ ቀዳዳ ሥር ቆልሎ እንደ ጄኔራል ይጎበኘዋል።

ትናንት የሙዚየሙ ኃላፊ ካፒቶሊና ደብዳቤ ላከችለት። ምሽጉ ለጎብኚ ስለሚከፈት እስከ ዓርብ ይለቀቅ ይላል። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ነው፤ ድንቹ ከወጣ ውርጭ ይጨርሰዋል።

"አፈግፍግ እንጂ፤ ፊንላንዶቹም አፈግፍገዋል" አልኩት።

"ቀልድ አንተ። ያንን ድንጋይ እናቴ ለፊንላንዶቹ በግዳጅ ተሸክማዋለች። ደሞዟን እኔ በድንች እየተቀበልኩላት ነው።"

 

ቦታው አለቀ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ባልሽንም ቢሆን፣ ጢሙን ከተላጨ። አጎትሽ ሮዲዮን።

ቆይ፣ የተቀመጥንበት ምሽግ በር ተንኳኳ። ካፒቶሊና ራሷ ናት፤ በበረዶ መንሸራተቻ ትልቅ ጆንያ እየጎተተች መጥታለች። የፊም ደጃፉን በትከሻው ዘጋባት።

"ጋሽ የፊም" አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "ጎብኚው እንደሆነ እስከ በጋ አይመጣም። ለዚህ ካሮቴ እዚህ አንድ ጥግ አያጡም?"