እምቢ ያልኩት አንዴ ብቻ ነበር

ጥቅምት 9
የእስክንድርያ ትራም ዛሬም ቆሞ ቤቴ በእግሬ መጣሁ። ልጄ ሻዲ ከኦሳካ በቪዲዮ ደወለ። የልጅ ልጄ ኮሐሩ ፊቴን ስታይ ሮጣ ተደበቀች። አራት ዓመቷ ነው፣ የምታውቀው ጃፓንኛ ብቻ።

"እማዬ፣ ስለማትግባቡ እኮ ነው" አለኝ።

ስለማንግባባ! የገዛ ልጄ ልጅ! አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ማታውኑ በኢንተርኔት ለሚሰጥ የጃፓንኛ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ጥቅምት 12
ጎረቤቴ ኡም ሀይሰም ሰምታ ኖሮ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። "በዚህ ዕድሜሽ ቻይንኛ?"

"ጃፓንኛ።"

"ያው ነው እቴ።" ብዙ ካደረቀችኝ በኋላ እንደ ልማዷ፣ "ግቢ እንጂ፣ ምሳ ቀርቧል!" እኔም እንደ ልማዴ፣ "አሁን በልቼ..." ሁለታችንም ዋሸን። በሩ ተዘጋ።

ጥቅምት 17
የመጀመሪያው የትምህርት ክፍለ ጊዜ። ሌሎቹ የጃፓን ካርቱን ያሳበዳቸው ልጆች ናቸው። ጡረታ የወጣች ርእሰ መምህርት እኔ ብቻ።

መምህርት ኩሮዳ ካይሮ ተምራለች፣ ዓረብኛ ትችላለች። ጨዋታ ላድምቅ ብዬ ለምን እንዳላገባችና ደሞዟ ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" ብላ ወደ ቀለማት ስም አለፈች። ጥሩ ከሆነ ለምን አትመልስም?

ጥቅምት 30
የእንግዳ አቀባበል ልምምድ። እሷ ባለቤት፣ እኔ እንግዳ። "ሻይ ይጠጣሉ?" አለች። "አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ፣ ጥርት ባለ ጃፓንኛ። በአላህ ይሁንብዎ እስክትለኝ ጠበቅኩ። "እሺ" ብላ ከካርቱን ልጆቹ አንዱ ወደሆነው ወደ ባሲል ዞረች። እሱ ጠጣ!

የሌለ ሻይ ቢሆንም ቅር አለኝ። እምቢ ያልኩት አንዴ ብቻ ነው እኮ! እኛ ቤት ሳይለመን የሚበላ እንግዳ፣ ማን አሳደገው ይባላል።

ኅዳር 8
ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኮሐሩን በቪዲዮ በጃፓንኛ ሰላም ስላት ዓይኗ ፈጠጠ። ሮጠች... ተመለሰች! የፕላስቲክ ኬኳን ይዛ። "አያቴ፣ ትበያለሽ?"

ገባኝ። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። አፌ ግን የእስክንድርያ ነው። "አይ የኔ ልጅ፣ አንቺው ብዪ።"

ፊቷ ጨለመ። ኬኳን አቅፋ ሄደች። አልተመለሰችም።

ጃፓንኛዬ ምንም ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ እኔ ነኝ።

ኅዳር 10
ለመምህርት ኩሮዳ ነገርኳት። አልሳቀችም። "እኛም ትልልቆቹ እምቢ እንላለን" አለች፣ "ሕፃን ግን እምቢ ሲባል የእውነት እምቢ ይመስለዋል።" እሷስ ካይሮ ምን አደረገች? "ሁሉንም እሺ አልኩ። ልብሶቼ በሙሉ ጠበቡኝ።"

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። የቀረበልኝን ሁሉ በመጀመሪያው ቃል መቀበል። ይህ ትምህርት ነው ወይስ ብልግና?

ኅዳር 11
ኡም ሀይሰም በሯ ላይ። "ግቢ እንጂ፣ ምሳ ቀርቧል!"

"እሺ" ብዬ ገባሁ።

ምንም አልቀረበም። ባሏ በውስጥ ሱሪ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነበር፣ ብድግ ብሎ መኝታ ቤት ገባና በዚያው ቀረ። እንቁላል ጠበሰችልኝ።

"ኢግላል፣ አሞሻል እንዴ? ለሻዲ ልደውልለት?"

በላሁ። ለካ እንቁላል ታውቅበታለች! ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን...

ኅዳር 15
ኮሐሩ ዛሬ ራቅ ብላ ቆማ አየችኝ። ኬኩ እጇ ላይ ነው። አልጠየቀችኝም። ብታኮርፍ እውነቷን ነው።

ስለዚህ እኔ ጠየቅሁ። "ለአያትሽም ትሰጫታለሽ?" በሕይወቴ ምግብ ለምኜ አላውቅም። ፊቴ ጋለ።

አሰበች። መጣች። ኬኩን ስልኩ ላይ ለጠፈችው፣ ከሮዝ ቀለም በቀር ምንም አይታየኝም። አላመጥኩ፣ ዋጥኩ።

"ይጣፍጣል?"

"በጣም።"

ደገመችልኝ። በላሁ። ሠለሰችልኝ። ጠገብኩ አልኳት፣ አልሰማችኝም። በቃኝ አልኳት። "ብዪ! ብዪ እንጂ!" እያለች ስልኩ ላይ ትጫናለች፣ ሻዲ ከኋላ በሳቅ ይፈርሳል።

ማንም አላስተማራትም እኮ። ይቺ የእኛው ናት።